ሌሊቱን በብስክሌት ላይ ማደር፦ ሰዓቱ የማይቆምበት ውድድር እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2022፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ቤልጂየም ውስጥ ኼራርድስበርገን በምትባል ትንሽ ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ብስክሌተኞች ተሰልፈዋል። ሌላው ሰው በሩን ቆልፎ ወደ መኝታው ሲሄድ እነሱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈውን የከተማዋን ዳገት ወጥተው ጨለማው ውስጥ ገቡ። መድረሻቸው ቡልጋሪያ ውስጥ ጥቁር ባሕር ዳር ያለችው ቡርጋስ ናት፤ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። አሸናፊው ኦስትሪያዊ ክሪስቶፍ ሽትራሰር ይህን ሁሉ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ጨረሰው።

ውድድሩ ትራንስኮንቲኔንታል ሬስ ይባላል። ማይክ ሆል የተባለ እንግሊዛዊ በ2013 ሲጀምረው ከለንደን ወደ ኢስታንቡል ነበር። ከዚያ ወዲህ መነሻውና መድረሻው ይቀያየራል፤ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ያለ አጃቢ ማቋረጥ የሚለው ሐሳብ ግን እንዳለ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹን ግን በእኛ እጽፋለሁ። ስለ ሌሊት ለማውራት የእኛ ሰዓት ይመቻል።)

የብስክሌት ውድድር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቱር ደ ፍራንስ ነው፤ ቢኒያም ግርማይ በ2024 ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደበት። እዚያ የዕለቱ ጉዞ ሲያልቅ ሰዓቱም ይቆማል። ተወዳዳሪው ሆቴል ይገባል፣ እግሩን ያሹለታል፣ ምግቡን የሚያበስልለት ሰው አለ፤ ነገ ሌላ ቀን ነው። እዚህኛው ግን ሰዓቱ አንዴ ከተጫነ የሚቆመው መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። ስትተኛ ይቆጥራል፣ ዳቦ ስትገዛ ይቆጥራል፣ ጎማ ስትለጥፍም ይቆጥራል። ተከታይ መኪና የለም። ከፊት ያለውን ሰው ተከልሎ ነፋስ ማምለጥ ክልክል ነው። ለማንም ክፍት ከሆነ ሱቅ ወይም ሆቴል መግዛት ይፈቀዳል፤ መንገድ ላይ የሚኖር ዘመድህ ሳንቡሳ ይዞ ቢጠብቅህ ግን ደንብ ጥሰሃል። ልብሱ፣ መለዋወጫው፣ የመኝታ ከረጢቱ ሁሉ ብስክሌቱ ላይ በትንንሽ ቦርሳዎች ይታሰራል። ባይክፓኪንግ የሚባለውም ይኸው ጓዝን ብስክሌት ላይ አስሮ መጓዝ ነው።

ስለዚህ ነገር ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ መቼ ነው የሚተኙት?»

መልሱ ከሒሳብ ነው የሚጀምረው።

በ2019 ትራንስኮንቲኔንታልን ፊዮና ኮልቢንገር አሸነፈች። ያኔ የ24 ዓመት ወጣት፣ በካንሰር ላይ የምትመራመር ጀርመናዊት ነበረች፤ ውድድሩን በአጠቃላይ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። ከ200 የሚበልጡ ወንዶች ከኋላዋ ቀሩ። ከቡርጋስ ተነሥታ ፈረንሳይ ውስጥ ብሬስት የደረሰችው በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ርቀቱን ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ብንይዘው፣ ለ243 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ልጅ ሆኜ በሰፈር ኪራይ ሳይክል ሱቅ ስላክ ከዚህ ሳልፈጥን አልቀርም።

ቁጥሩ ያነሰው እሷ ዘገምተኛ ስለሆነች አይደለም። ውስጡ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ቀይ መብራቱም፣ ሽንት ቤቱም አሉበት። ብስክሌቱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር ብለን ብንገምት፣ መንዳቱ 182 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቀረው 61 ሰዓት ቆሞ ያለፈ ነው፤ ለ10 ቀን ሲከፋፈል በቀን 6 ሰዓት። ከዚህ ላይ በየሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ትተኛ እንደነበር በጊዜው ተነግሯል። እንግዲህ ለሌላው ነገር ሁሉ፣ ለመብላት፣ ለመግዛት፣ ለመታጠብ፣ ካርታ ለማየት፣ የቀራት በቀን 2 ሰዓት ነው። የዚህን ውድድር ምሥጢር ጠይቁኝ ብትሉኝ እዚች ላይ ነው የምጠቁመው። ብዙ ሰው «ስንት ሰዓት ተኛች?» ይላል እንጂ «ነቅታ ሳለች ስንት ሰዓት ቆመች?» ብሎ አይጠይቅም። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ምን ልግዛ እያሉ መደርደሪያ ሥር መንከራተት በቀን አምስት ጊዜ ከተደጋገመ አንድ ሰዓት ይበላል። ከዚያ ያችን ሰዓት ከእንቅልፍ ቀንሰው ይከፍሏታል።

እንቅልፍ ቀንሶ መክፈል ደግሞ አያዋጣም። ለምሳሌ 5 ሰዓት የሚተኛና ለሌላው ጉዳይ 2 ሰዓት የሚያጠፋ ሰው 17 ሰዓት ይነዳል፤ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቀን 374 ይጨርሳል። ተፎካካሪው 3 ሰዓት ብቻ ተኝቶ 19 ሰዓት ይነዳል እንበል። እንቅልፍ ማጣቱ ፍጥነቱን ወደ 19 ካወረደው 361 ብቻ ነው የሚሄደው። ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ለፍቶ በ13 ኪሎ ሜትር ተቀደመ። አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን ነገሩ ይለያል፤ በአጫጭር ውድድሮች ጭራሽ ሳይተኙ የሚያሸንፉ አሉ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል።

ሌላው ብዙም የማይወራው ነገር የሌሊቱ ርዝመት ነው። እኛ ሲመሽም ሲነጋም ብዙ አናስብም፤ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፣ 12 ሰዓት አካባቢ ይነጋል። ለእነዚህ ሰዎች ግን የሌሊቱ ርዝመት እንደ ዳገቱ ቁመት የሚጠና ጉዳይ ነው። ትራንስኮንቲኔንታል የሚካሄደው በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ስለሆነ መካከለኛው አውሮፓ ላይ ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ቱር ዲቫይድ የሚባለው ከካናዳዋ ባንፍ እስከ ሜክሲኮ ድንበር በአብዛኛው በጥርጊያና ጠጠር መንገድ 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወስደው ጉዞ በጁን ይጀመራል፤ መነሻው ላይ ጨለማው ከ8 ሰዓት ያንሳል። የሞሮኮው አትላስ ማውንቴን ሬስ ደግሞ በፌብሯሪ ነው፤ ሌሊቱ 13 ሰዓት ይደርሳል። ከ2020 ጀምሮ ከኪጋሊ ተነሥቶ ኪጋሊ የሚመለሰው የሩዋንዳው የ1,000 ኪሎ ሜትር ውድድር ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ እኩል ነው፤ 12 በ12። በአውሮፓ በጋ «ሌሊቱን ተኝቼ ቀኑን እነዳለሁ» ማለት ይቻላል። ሩዋንዳ ወይም ሞሮኮ ላይ ጨለማውን ሙሉ መተኛት የውድድሩን ግማሽ መተው ነው። ወደደም ጠላም በጨለማ ይነዳል።

በጨለማ ሲነዳ ሰውነት ምን ይሆናል? እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ «ወኔ» በሚል ቃል ይሸፈናልና።

እንቅልፍን የሚያመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ድካሙ ራሱ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ በበዛ ቁጥር ዓይን ይከብዳል፤ የሚጸዳውም በመተኛት ነው። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። አንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ ክፍል የቀን ብርሃንን በዓይን በኩል እየተቀበለች ቀኑን ትከፍላለች፤ ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ታደርጋለች፣ የሰውነት ሙቀትም ቀስ እያለ ይወርዳል። ዝቅተኛው ነጥብ ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት አካባቢ ነው።

ያቺን ሰዓት ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ያውቃታል። እስከ 8 ሰዓት ድረስ ድምፁ ይወጣል፣ ጉልበቱም አለ። ከ9 በኋላ መቋሚያው ላይ ያለው ክብደት ይጨምራል፤ 10 ላይ ቃሉ ከአፍ ይወጣል እንጂ ልብ የለም። የሌሊት ዘበኛም ያውቃታል፤ አገር አቋራጭ ሹፌርም ያውቃታል፣ ጉንጩ በጫት የሚወጠረው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ዘበኛው ቢያንጎላጅ ወንበሩ ላይ መሆኑ ነው። ብስክሌተኛው ሁለት ቀጫጭን ጎማ ላይ ነው።

አደጋው ሙሉ እንቅልፍ አይደለም፤ ቅጽበታዊ እንቅልፍ ነው። ከአንድ ሴኮንድ እስከ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ሴኮንድ የሚደርስ መጥፋት። ዓይን ሊገለጥም ይችላል፤ አንጎል ግን የለም። ሰውዬው ራሱ መተኛቱን ላያውቅ ይችላል። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሦስት ሴኮንድ 42 ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ የሚታጠፍ ከሆነ እዚያ 42 ሜትር ውስጥ መታጠፊያው አለ። በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይተዋል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። በብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና ያሽከረከረ ሰው ይታሰራል። ለብስክሌተኛው ግን «ጀግና» ይባልለታል። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቡናስ? ቡናን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ አሠራሩ ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው ይለያል። ካፌይን ጉልበት አይሰጥም። አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ የተጠራቀመው ድካም እዚያው ነው፣ ወንበር አጥቶ ቆሟል። ካፌይኑ ሲወጣ ሁሉም ባንዴ ይቀመጣል። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ደም ውስጥ ስለሚኖር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በብዛት የጠጣ ሰው ሌሊት ልተኛ ሲል ጥሩ እንቅልፍ አያገኝም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀን ላይ ይቆጥቡትና ለሌሊቱ 9 ሰዓት ያስቀምጡታል። አንድ ብልሃትም አላቸው፦ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ጋደም ማለት። ካፌይኑ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ እስከዚያ አጭሯ እንቅልፍ አዴኖሲኑን ትንሽ ታጸዳለች፤ ሰውዬው ሲነሣ ሁለቱ ተደርበው ያገኙታል። 20 ደቂቃ የሚሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። 40 ወይም 60 ደቂቃ የተኛ ሰው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳለ ስለሚቀሰቀስ እንደ ሰከረ ሰው ይነሣል፤ ጫማውን ለማሰር አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ወይ በጣም አጭር፣ ወይ አንድ ሙሉ ዙር፣ 90 ደቂቃ ገደማ። በመሐል ያለው ኪሳራ ነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሌሊት ዓይን መዋሸት ይጀምራል። የመንገድ ምልክት ሰው ይሆናል፣ ጉቶ ውሻ ይሆናል፣ ባዶ ጫካ ውስጥ ወሬ ይሰማል። እኔ የዚህን ጥላውን ብቻ ነው የቀመስኩት። አንድ ጊዜ ለመሞከር ያህል 300 ኪሎ ሜትር ልነዳ ወጥቼ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። ፍጥነቴን ቀንሼ «እንደምን አደሩ እማማ» አልኩ። ነጭ ቀለም የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነበሩ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው ሳልተኛ ያደርኩት፤ ዐሥር ሌሊት ቢሆን ከእሳቸው ጋር ቡና ሳልጠጣ አልቀርም ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ሲጀምር የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ውረድ፣ ተኛ። ዘፈን መዝፈን፣ ፊት መታጠብ፣ ራስን መቆንጠጥ የሚያስገኘው ደቂቃዎችን ብቻ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ዕድሜዬ የሚጠጋ አንባቢ የድሮውን ዲናሞ ያስታውሳል፤ ጠርሙስ የመሰለ፣ ጎማው ላይ ተጠግቶ እየተፋተገ የሚያንዣርር፣ ሲበራ ሳይክሉ የሚከብድ። ያ ሐሳብ አልሞተም፤ ወደ ፊተኛው ጎማ እምብርት ገብቷል። ማግኔቱና ጥቅልሉ እዚያ ውስጥ ተደብቀው፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ድምፅም የለው፣ ክብደቱም ብዙ አይታወቅ። ደረጃው 6 ቮልትና 3 ዋት ነው። ሦስት ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዛሬ ኤልኢዲ አምፖል በዚህ መንገዱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ጀርመን ውስጥ ደንቡ የብስክሌት መብራት እንደ መኪና መብራት ከላይ ተቆርጦ ወደ መንገዱ እንዲያርፍ ስለሚያስገድድ፣ ብዙዎቹ ጥሩ መብራቶች በዚያ ደንብ የተሠሩ ናቸው፤ የሚመጣውን ሾፌር አያሳውሩም።

ችግሩ ዳገት ላይ ነው። በሰዓት 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቁ ሲወጡ ጎማው በዝግታ ስለሚዞር መብራቱ ይርገበገባል። ለዚህ ሲባል ብዙዎች ራስ ቁራቸው ላይ በባትሪ የሚሠራ ሌላ መብራት ያስራሉ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ አንገት ላይ የሚጨመር ማንኛውም ግራም ይታወቃል። ከ1983ቱ አሜሪካን አቋራጭ ውድድር ወዲህ ሸርመር አንገት የሚባል ነገር አለ፤ ማይክል ሸርመር በተባለ ተወዳዳሪ ስም የተጠራ ነው። የአንገት ጡንቻዎች ፈጽመው ይከዱና ራስ ቀና ማለት ያቅተዋል። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው የነዱ ሰዎች አሉ።

ሌላው ጉዳይ ያንኑ ሦስት ዋት ስልክም፣ ጂፒኤስም፣ መብራትም መሻማታቸው ነው። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በ3 ዋት ለመሙላት ምንም ሳይባክን ከ12 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፣ በተግባር ደግሞ ይበልጣል። መብራትና ቻርጅ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ስለዚህ ቀን ይሞላል፣ ሌሊት ይበራል። ቀን ላይ መሙላት የረሳ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ካርታው ሲጠፋበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያያል። ብርድ ደግሞ የሊቲየም ባትሪን ስለሚያዳክም ስልኩን ሸሚዝ ውስጥ፣ ገላ ላይ ይይዙታል።

መብራቱ ስንት ሜትር ማሳየት አለበት? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ሰው በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ጉድጓዱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ከወሰደ 17 ሜትር አለፈ፤ ለመቆም ደግሞ 13 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 30 ነው። ያንኑ ሰው እንቅልፍ አድክሞት እጁ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ 41 ይሆናል። መብራቱ አልተቀየረም፣ ፍሬኑም አልተቀየረም፤ መንገዱ ግን በ11 ሜትር አጠረ። ሌሊት ላይ ቁልቁለት ያለ ልፋት የሚገኝ ትርፍ ይመስላል፤ ዳገቱን ለፍቶ የወጣ ሰው በፍጥነት መውረድ ያምረዋል። ጥሩዎቹ ግን እዚያ ነው ፍሬን የሚይዙት። ዓይንም ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ፊት ለፊት የመጣ የአንድ መኪና መብራት ያንን ሁሉ ያጠፋዋል።

ብርዱን በአጭሩ ልለፈው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ለደጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሌሊት ላይ ግን የሚገርም ነገር አለ፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ከዳገቱ ወገብ ይልቅ ሊበርድ ይችላል። ለማደር ወደ ሸለቆ የወረደ ጀማሪ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ያድራል። ኪርጊስታን ውስጥ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጉ መተላለፊያዎችን በሚያቋርጠው የሐር መንገድ ውድድር፣ በኦገስት እንኳ ውሃ ኮዳ ውስጥ ይረጋል። አሳሳቹ ነገር ዳገት ሲወጡ ላብ፣ ጫፍ ሲደርሱ ነፋስ መሆኑ ነው። ልብሱን ጫፉ ላይ ሳይሆን ከጫፉ ትንሽ ቀደም ብሎ መደረብ ይሻላል።

የት ይተኛሉ? ሆቴል የሚይዝ አለ፤ ሻወር፣ ቻርጅ፣ አልጋ። ግን መመዝገብ፣ ብስክሌት ደረጃ ማውጣት፣ ልብስ ማጠብ እያለ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀጭን የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብተው የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የእርሻ ዳር ላይ ያድራሉ። ከ1891 ጀምሮ ያለው የ1,200 ኪሎ ሜትሩ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ላይ ደግሞ የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለባቸው ትንንሽ ክፍሎች ታዋቂ መኝታ ናቸው። በር አላቸው፣ ነፋስ አይገባም፣ መብራት አላቸው። ጠዋት ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ፈረንሳዊ ላብ ያረጀበት ሰው ላይ ተራምዶ ቁጥሩን ይነካል።

ውሻም አለ። በባልካን አገሮችና በቱርክ ገጠር ሌሊት ላይ መንጋ የሚጠብቁና ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብስክሌት ያሳድዳሉ። የእኛ አገር ልጅ ይህን ለመማር መጽሐፍ አያሻውም፤ ከሮጥክ ያባርርሃል። ወርደው ብስክሌቱን በመሐል አድርገው በቀስታ ሲሄዱ ውሻው ብዙ ጊዜ ይሰለቻል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን መኪና ነው። ትራንስኮንቲኔንታልን የጀመረው ማይክ ሆል ማርች 31፣ 2017 አውስትራሊያን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያቋርጥ ውድድር ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲነዳ፣ ካንቤራ አቅራቢያ ጎህ ሳይቀድ መኪና ገጭቶት ሞተ። ውድድሩ እዚያው ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በራሱ በትራንስኮንቲኔንታል የመጀመሪያ ሌሊት፣ ቤልጂየም ውስጥ ሌላ ተወዳዳሪ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አንጸባራቂ ልብስና የኋላ መብራት ጉዳይ እንደ ቀልድ አይታይም። ከጀርባ ከሚታየው አንጸባራቂ ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው የበለጠ ይሠራል፤ ከፔዳሉ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ሾፌሩ ከሩቅ «ይህ ሰው ነው» ይላል። መንገድ ምርጫም ወሳኝ ነው፤ ቀን ላይ ከባድ መኪና የሚበዛበት አውራ ጎዳና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ባዶና ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ሌሊት ግን ከመጠጥ ቤት የሚመለሰው ሾፌር እዚያው ላይ ነው።

እና ይነጋል። ሰማዩ መግረጥ ሲጀምር ሜላቶኒኑ ይቀንሳል፣ የሰውነት ሙቀቱም ከፍ ይላል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ሊወድቅ የነበረው ሰው ድንገት ሰላም የሆነ ይመስለዋል። ጣሊያን ወይም ሰርቢያ ከሆነ ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል። ይህ ስሜት እውነት ነው፣ ግን ብድር ነው። የሰውነት ሰዓት ወጣ እንጂ አዴኖሲኑ አልተጸዳም። ብድሩ የሚጠየቀው ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ሁለተኛው ማሽቆልቆያ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ ምሳ ሲበላ። ሌሊቱን በሰላም ተሻግሮ ቀን 8 ሰዓት ላይ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ቦይ ውስጥ የሚገባ ሰው አለ።

እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቦታውን በሳተላይት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ስለሚይዝ፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው በካርታ ላይ በነጥብ ይከታተለዋል። እኔም በየክረምቱ ከዚህ ሱስ አላመልጥም። ነጥቡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ ቆሞ ከቀጠለ ጋደም ብሎ ተነሥቷል። በየአሥር ደቂቃው እየቆመ ትንሽ እየሄደ እንደገና ከቆመ፣ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ ነውና መተኛት ነበረበት። 6 ሰዓት ላይ ቆሞ እስከ 10 ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ አትደንግጡ፤ ያ ነጥብ ነገ ከሰዓት በኋላ ከፊት ካሉት ሦስቱን ሲያልፍ ታዩታላችሁ።